ከወሊድ በኋላ ሽንት ሲያመልጥ፦ ቤቴ ድረስ የመጣችው ፊዚዮቴራፒስት

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሳስልም፣ ሲያስነጥሰኝም፣ ስስቅም ሽንት ያመልጠኝ ነበር። የጠየቅኳቸው ሴቶች ሁሉ «የወለደች ሴት እንዲህ ናት፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። እዚህ ሜሪላንድ ያለችው ሐኪሜ ግን «ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ ይታከማል» ብላ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ (ጡንቻን በእንቅስቃሴ የማከም ሕክምና) አዘዘችልኝ። ሁለት ልጅ ይዤ ክሊኒክ መመላለስ ስለከበደኝ፣ ቤት ድረስ የምትመጣ ባለሙያ መረጥኩ።

የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግተው የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከሥር የያዙ ናቸው። የጠፍር አልጋ አስቡ። በእርግዝናና በምጥ ጠፍሩ ይላላል። አንዳንዷ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ይወጠራል፤ ያኔ ሽንት ያጣድፋል፣ ግንኙነትም ያማል።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። አብዛኛው ጥያቄ ነበር። በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ትሄጃለሽ? ሰገራ ይደርቅብሻል? ግንኙነት ያምሻል? የተሰፋው ቦታ ድኗል? ጥያቄው ፊት ለፊት ነው፤ መልሱም እንደዚያው ቢሆን ይሻላል። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። ስለዚህ በሩ የሚዘጋ ክፍል ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ልጆቹንም የሚይዝ ሰው ይኑር።

ከዚያ አተነፋፈሴን፣ ዳሌዬንና የሆዴ ጡንቻ መሐል ላይ ምን ያህል እንደተከፈተ አየች። ብዙዎቻችን የምንፈራው የውስጥ ምርመራ ነው። ጓንት ባጠለቀ አንድ ወይም ሁለት ጣት ይደረጋል፣ የብረት መሣሪያ የለውም። «ጨምቂ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» እያለች ጉልበቱን ትለካለች። ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሳምንት ሳይሞላ አይደረግም፤ ሁልጊዜም ፈቃድ ይጠየቃል። እኔ መጀመሪያ ቀን አልፈቀድኩም፤ ከውጭ ብቻ አይታኝ ሄደች። ስንላመድ ፈቀድኩ።

ክሊኒክ ቢሆን የማላገኘው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሕፃኑን ከአልጋው አንሺ አለችኝ፤ አነሳሁ። ትንፋሼን ይዤ እንደማነሳ ያየችው ያኔ ነው። ትንፋሽ ተይዞ ሲነሳ ጫናው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። እያስወጡ ማንሳት ነው። የመኪና ወንበሩንም፣ ደረጃውንም እንዲሁ አሳየችኝ። ሽንት ቤቱን ካየች በኋላ እግሬን የማሳርፍበት ዝቅ ያለ ነገር ፈለገች። የእናቴ የቡና በርጩማ ልክ ሆነ። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል ሰገራ ሳያምጡ ይወጣል፤ ማማጥ ደግሞ የላላውን ጡንቻ ይበልጥ ይጎዳዋል።

የቡናውም ጉዳይ ተነሳ። ካፌይን ፊኛን ሊያነሳሳ ይችላል። አልከለከለችኝም፤ የጠጣሁትንና ሽንት ያመለጠኝን ሰዓት እንድጽፍ ብቻ አደረገች። ሦስተኛውን ስኒ የተውኩት ወረቀቱን አይቼ ነው። እናቴ አጥብቃ ያሰረችልኝን መቀነትም አላልታ አስተነፈሰችኝ። ልዩነቱ ወዲያው ታወቀኝ።

ሳልጠይቃት የማላልፈው ነገር ነበር፤ ስግደት። ምን እንደሆነ አታውቅም ነበርና ምንጣፍ ላይ ሰግጄ አሳየኋት። ደግሜ እንድሰግድ ጠየቀችኝና አስተዋለች። ልትነሺ ስትይ ጡንቻውን ጨምቂ፣ ትንፋሽሽን እያወጣሽ ተነሺ፣ ለጊዜው ቁጥሩን ቀንሺ አለችኝ። ሃይማኖቴን እንደ ትርፍ ነገር ሳታይ መፍትሔ መፈለጓን አልረሳውም። እናንተም የምትሠሩትን ሥራ፣ የምትሰግዱትን ስግደት ሁሉ አሳዩ።

ኬጅል የሚባለው፣ የዳሌ ወለል ጡንቻን እየጨመቁ የመልቀቅ እንቅስቃሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ እሱ በጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም በአርኖልድ ኬጅል ስም የተጠራ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ቢያንስ 8 ጊዜ መጨመቅ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይላል። መልቀቁም የመጨመቁን ያህል ያስፈልጋል። ሽንት እየሸኑ አይሠራም። ጡንቻዋ የተወጠረባት ሴት ደግሞ በኬጅል ሊብስባት ስለሚችል፣ ዩቲዩብ አይቶ ከመጀመር በፊት መታየት ይሻላል። እኔ ለውጡን ቀስ በቀስ ነው ያየሁት፤ መጀመሪያ ሳል፣ ብዙ ቆይቶ ሳቅ።

አሜሪካ ውስጥ የሐኪም ወረቀት ሳይኖርም ፊዚዮቴራፒስት ማየት ይቻላል፤ ገደቡ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል፣ ኢንሹራንሱም ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ስትደውሉ ቤት ለቤት ሕክምናን ይሸፍን እንደሆነ፣ ባለሙያዋ በዳሌ ወለል ሥልጠና እንዳላት፣ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም መኖሩን ጠይቁ።

ሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ጋ ነው። ከወሊድ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ይችላልና እንቅስቃሴ ብቻውን አይበቃውም። አገር ቤት ያለች እህት እንዲህ ከሆነባት፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል። ንገሯት።