ካምቢዮው አልገባ ሲል

ባለመኪናው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የግራ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ፍሪሲዮን መርገጥ አቃታቸው። ሃይሉክሳቸውን ግን በጭራሽ አይሸጡትም። 22 አር የሚባለው፣ ባለ ካርቡሬተር የቤንዚን ሞተር ያለው የድሮ ፒክአፕ ነው። "ሞተሩ አንድ ቀን አላሳፈረኝም" ይላሉ። ስለዚህ ኤ43ዲ የተባለውን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ ገዝተው ጋራዣችን ድረስ አስጭነው መጡ።

ምርጫቸው ጥሩ ነበር። ቶዮታ ራሱ ይህን ካምቢዮ ከዚህ ሞተር ጋር አጋጥሞ ይሸጥ ስለነበር የቡሎን ቀዳዳው ይገጥማል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ከገጠመ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ከፍሪሲዮኑ ዕቃ ጋር አወረድን። ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ኩሺኔታ አወጣን፤ እሷ ካለች የኮንቨርተሩ አፍንጫ አይገባም። ኮንቨርተር የሚባለው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የፍሪሲዮንን ቦታ ተክቶ የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ ነው። በቮላኖው ቦታ ኮንቨርተሩ የሚታሰርበትን ስስ ብረት፣ ፍሌክስ ፕሌቱን፣ በራሱ ቡሎኖች አሰርን። ከዚያ ካምቢዮውን በክሪክ አንስተን አስጠጋነው። ሞተሩ ጋ ሊደርስ የጣት ውፍረት ያህል ሲቀረው እምቢ አለ።

ረዳታችን ገና ወጣት ነው፤ ሥራ ይወዳል። 17 ቁልፍ አንስቶ ቡሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። "ቡሎኑ ይስበዋል ጋሼ" አለ። አለቃችን እጁን ያዘው። "ተው! ካምቢዮ በቡሎን አይሳብም። ካልገባ ምክንያት አለው" አለና አስወረደን።

ኮንቨርተሩን ሁለት እጁን ዘርግቶ ያዘው። ወደ ካምቢዮው ውስጥ እየገፋ ቀስ ብሎ አዞረው። ቋ አለና ትንሽ ገባ። አሁንም አዞረው። እንደገና ቋ! የቀረው ክፍተት ከዚህ የመጣ ነበር። ኮንቨርተሩ ውስጥ ከሁለት ዘንጎች ጥርስና ከዘይት ፓምፑ ጋር መያያዝ አለበት። ፓምፑን ሳይዝ በቡሎን ቢሳብ ኖሮ የፓምፑ ጥርስ ይሰበር ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ ካምቢዮው ግን ዘይት አያገኝም፣ መኪናውም ከቦታው አይነቃነቅም። አለቃችን ካምቢዮው አፍ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ጥልቀቱን ለካ፤ ልጁም እንዲለካ አደረገው። ካምቢዮው ሁለተኛ ሲነሳ በእጅ ግፊት ብቻ ገባ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኬብሉ ነው። ነዳጅ ምን ያህል እንደተረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው ከካርቡሬተሩ የሚመጣ ኬብል ነው። የዘይቱ ግፊት የሚጨምረው በዚያ ልክ ነው። ማንዋል የነበረ መኪና ካርቡሬተር ላይ ኬብሉን የሚይዝ ነገር ስለሌለ አንዳንዱ ሳያስረው ይተወዋል። ክፋቱ መኪናው ይሄዳል! ማርሹም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ሹፌሩም ደስ ይለዋል። የእንጦጦን ዳገት ሲይዝ ግን ግፊቱ አንሶ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ዲስኮች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። እንዲህ የተቃጠለ ካምቢዮ ከፍቼ አይቻለሁ። ዘይቱ ጠቁሮ ነበር፣ ሽታው አይረሳም። ሰው ለፍቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው ዕቃ በአንድ ኬብል ሲበላሽ ያንገበግባል። እኛ ከላሜራ ማሰሪያ ሠራንለት። ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ኬብሉ ላይ ያለችው ምልክት ከላስቲኩ ጫፍ ከ1 ሚሊሜትር በላይ እንዳትርቅ አድርገን አስተካከልን።

የድሮው ራዲያተር የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ስለሌለው ለብቻው ገጠምን። የቀረው የሞተሪኖው ሽቦ ነበር። ባለመኪናው "ይቅርብኝ ልጄ፣ ወጪው በዛብኝ" አሉ። አለቃችን "በነፃ እሠራዋለሁ እንጂ አልተወውም ጋሼ" አላቸው። እውነቱን ነው። የድሮው ሽቦ ከቁልፉ በቀጥታ ስለሚመጣ ማርሹ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ እያለም ሞተሩ ይነሳል፤ መኪናው ፊት ለፊት ያለ ሰው ላይ ሊዘል ይችላል። ሽቦውን በካምቢዮው ስዊች በኩል አሳለፍነው። አለቃችን መምህሩን መሪው ጋ አስቀምጦ በየማርሹ ቁልፉን አስሞከራቸው። ፒ (ማቆሚያው) እና ኤን (ዜሮው) ላይ ብቻ ተነሳ።