ሐምሌ 7፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

እንኳን ለቅድስት ሥላሴ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ጎንደር ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብባት ነው ያደረው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ነጠላውን ተከናንቦ በመጣ ሰው ግጥም ብሎ ነበር።

እኔና ባለቤቴ ልጅ እንዲሰጠን ፈጣሪን ደጅ ከጠናን ሰነበትን። ስለዚህ ይህ በዓል ለእኛ ይለያል። ሥላሴ በእንግዳ አምሳል አብርሃም ቤት የገቡበት፣ ሣራ እንደምትወልድ የተነገረበት መታሰቢያ ነው።

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ይስሐቅ ሲወለድ 100 ሞላው። መሀል ላይ 25 ዓመት አለ! እኛ ታሪኩን በአንድ ስብከት ሰምተን እንጨርሰዋለን። እነሱ ግን እያንዳንዱን ሌሊት ኖረውታል። ሣራ ሳቀች፤ እግዚአብሔር ግን ስለሳቀች ተስፋውን አልነሳትም። ይሄ በጣም ያጽናናኛል።

ከሁሉም ግን የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ታስደንቀኛለች። (እናቴ ስለት ስትሳል ስሟን ሳትጠራ አታልፍም።) አልቅሳ ጸለየች። ካህኑ ዔሊ መረቃት። ከዚያ ሄዳ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ልብ በሉ፣ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም! የጎደላት ሳይሞላ ልቧ ዐረፈ።

ዛሬ ሥላሴን የለመንኩት ይህን ልብ ነው። ልጁ ቢዘገይም እህል የሚያስበላ፣ ጎረቤት ስትወልድ ከልብ እልል የሚያሰኝ ልብ።

እንደ እኛ ደጅ የምትጠኑ ካላችሁ የክርስትና ስማችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ነገ ጠዋት ኪዳን ስሄድ በጸሎት አስባችኋለሁ። እናንተም አስቡን።