ሁሉም የሚቆምባት ሰከንድ

የታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ዋዜማ ረቡዕ ማታ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ ኤርፖርት የተቀበልኳቸው እናት ከአዲስ አበባ ገና መግባታቸው ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው ልጃቸው ሥራ አልለቅ ብሏት እንዳመጣላት ለምናኛለች። ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠዋል። ውጭ ያካፋል።

አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አረንጓዴ በራልኝ። አልተነሳሁም። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ይሄኔ ከግራ በኩል አንድ ፒክአፕ ቀይ መብራት ጥሶ ፊታችንን ገምሶ አለፈ። «እመብርሃን!» አሉ እናትየዋ። እኔ ድምፅ አልወጣኝም።

ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «ልጄ፣ አረንጓዴ በርቶልህ የለም እንዴ? ለምን ቆምክ?» አሉኝ።

አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ ወዳጄን የቀበርነው ከዓመታት በፊት ነው። አረንጓዴ በርቶለት ነበር የተነሳው። ከጎን መጥቶ የመታው ሰው ነው ቀዩን የጣሰው። ከዚያ ወዲህ እቆጥራለሁ። የፈረንጆቹ ኅዳር (ኖቬምበር) ሦስተኛ እሑድ በመንገድ አደጋ የሞቱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጆቹ 2005 ተቀብሎታል። ከታንክስጊቪንግ በፊት ስለሚውል ለእኔ ሁለቱ ቀኖች አንድ ሆነውብኛል።

ይህን ለእናትየዋ አልነገርኳቸውም። ከአገር እንደገቡ ሞት ማውራት ከበደኝ። የነገርኳቸው የትራፊክ ምልክት ስለፈለሰፈው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ስለ ጋሬት ሞርጋን ነው። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ስለ እሱ ያላነበብኩት የለም።

ሞርጋን በፈረንጆቹ 1877 ኬንታኪ ተወለደ። ወላጆቹ በባርነት ያለፉ ናቸው። ከአንደኛ ደረጃ ብዙም ያልዘለለ ትምህርት ይዞ ክሊቭላንድ ገባ፣ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ። ቀጥሎ ከጭስና ከጋዝ የሚከላከል የራስ መሸፈኛ ሠራ። ጥቁር የሠራውን ብዙ ሰው ስለማይገዛው፣ ለሽያጭ ሲያሳይ ነጭ ተዋናይ ይቀጥር ነበር። በ1916 ሐምሌ ኢሪ ሐይቅ ሥር በሚቆፈር ዋሻ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ ሠራተኞች ሲቀበሩ፣ ያንን መሸፈኛ አጥልቆ ከወንድሙ ጋር ገባና ሰው አወጣ። ታሪኩ ሲወራ የሠሪው መልክ ታወቀ፤ ትእዛዝ የሰረዙ ነበሩ ይባላል። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ያመኛል።

ክሊቭላንድ ውስጥ መኪና የገዛ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ እንደሆነ ይነገራል። መንገዱ ያኔ መኪናውም፣ የፈረስ ጋሪውም፣ እግረኛውም የሚጋፋበት ነበር። ብዙዎቹ ምልክቶች የሚያውቁት «ቁም»ን እና «ሂድ»ን ብቻ ነው። በሁለቱ መሀል ትንፋሽ የለም። አንድ መኪናና ጋሪ ክፉኛ ሲጋጩ አየና ያ ከአእምሮው አልወጣ አለ ይባላል።

ሰዎች ቢጫ መብራትን የፈጠረው እሱ ነው ይላሉ። እንዲህ አይደለም። ባለ ሦስት ቀለም መብራት በ1920 ዲትሮይት ውስጥ ቆሞ ነበር። የሞርጋን መሣሪያ መብራት ሳይሆን ክንድ ያለው ምሰሶ ነው፤ በእጅ እየተዘወረ ይሠራል። ትልቁ ነገር ሦስተኛው ትእዛዝ ነው፦ ከየትም አቅጣጫ የሚመጣው ሁሉ ይቁም። መገናኛው ባዶ ይሁን፣ እግረኛው ይሻገር፣ ከዚያ በኋላ ተረኛው ይነሳ። ሌሊት የሚዘውረው ሰው ከሌለ ክንዶቹ ግማሽ ላይ ይቆማሉ፤ ተጠንቅቀህ እለፍ ማለት ነው። ፓተንቱን፣ ማለትም የፈጠራ መብቱን፣ ያገኘው በፈረንጆቹ ኅዳር 20 ቀን 1923 ነው፣ ለዚያ ዓመት ታንክስጊቪንግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። በኋላ መብቱን ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ40,000 ዶላር ሸጠው ይባላል።

ዛሬም ብዙ መገናኛዎች ላይ አረንጓዴው ከመምጣቱ በፊት ለአንድ ሁለት ሰከንድ በሁሉም በኩል ቀይ ይሆናል። ያቺን አጭር ዝምታ ስናያት እንበሳጫለን። እኔ ግን እወዳታለሁ።

በዚህ ሰሞን ደግሞ የበለጠ ታስፈልገናለች። እዚህ አገር በየዓመቱ እንደሚደረገው ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሰ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ረቡዕ ማታ መጠጥ ቤቱ ይሞላል፤ አገሩ በሙሉ ደግሞ ወደ ቤተሰቡ መንገድ ላይ ነው። ሁሉም ይቸኩላል።

እናትየዋ ዝም ብለው ሰሙኝ። ልጃቸው ቤት ደርሰን ሻንጣ ሳወርድ፣ «ስሙን ማን አልከኝ?» አሉ።

«ጋሬት፣ እማማ።»

«የክርስትና ስሙስ? በጸሎቴ ላስበው።»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ግድ የለም። እሱ ያውቀዋል» አሉና ቀና ብለው አማተቡ።