ጦርነቱ ማለቁን ያላመኑባት ከተማ፦ ባሌር

ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ከማኒላ ወደ ባሌር 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የመጨረሻው መንገድ የሲየራ ማድሬን ተራሮች እየተጠማዘዘ ስለሚያቋርጥ ጉዞው የሚለካው በሰዓት ነው። ጠመዝማዛ መንገድ የማይስማማው ሰው ፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የሩዝ ማሳ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ከዚያ ፓስፊክ ውቅያኖስ። ባሌርን ለዘመናት ከዋና ከተማው ነጥሎ ያኖራት ይኸው ተራራ ነው፤ እኔን ወደዚህ የሳበኝ ታሪክም ያለ እሱ ባልተፈጠረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1898 ፊሊፒናውያን በስፔን ላይ ሲነሱ፣ ሃምሳ የሚሆኑ የስፔን ወታደሮች የባሌር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሸጉ። 337 ቀን ከዚያ አልወጡም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ስፔን ፓሪስ ውስጥ ፈርማ ደሴቶቹን ለአሜሪካ አስረክባለች፤ እነሱ ግን ይተኩሳሉ። መልእክተኛ ሲመጣ «ማታለያ ነው»፣ ጋዜጣ ሲላክላቸው «አስመስለው ያተሙት ነው» ይሉ ነበር። ከጥይት ይልቅ የፈጃቸው ቤሪቤሪ የሚባለው በቫይታሚን እጥረት የሚመጣ በሽታ ነው። ሬሳውን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቀበሩ። አዛዦቹ ሲያልቁ ምክትል መቶ አለቃ ሳቱርኒኖ ማርቲን ሴሬሶ ኃላፊነቱን ተረከበ። በመጨረሻ ያሳመነው አንዲት ተራ የጋዜጣ ወሬ ናት፦ ጓደኛው የሆነ መኮንን፣ ይመኘው እንደነበረው፣ ማላጋ ወደምትባለው የስፔን ከተማ መዛወሩን የምትገልጽ። የጓደኛውን ምኞት ጠላት ሊያውቀው አይችልማ! ጁን 2 ቀን 1899 ከነሕይወታቸው የቀሩት ሠላሳ ምናምን ሰዎች ወጡ፤ ፊሊፒናውያኑም እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ሸኟቸው። ዛሬም ጁን 30 የሁለቱ አገሮች የወዳጅነት ቀን ሆኖ ይከበራል።

ጀግንነት ነው ይባላል። እኔ ግን ከመውጣታቸው አንድ ቀን በፊት ሴሬሶ ሁለት የገዛ ወታደሮቹን ማስረሸኑን ካነበብኩ ወዲህ ቃሉ ይተናነቀኛል። የሚገርመኝ የከበቡት ሰዎች ትዕግሥት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና የታደሰ ሲሆን፣ ትንሽና ጸጥ ያለ ነው፤ ታሪኩን ሳያውቅ የመጣ ሰው ዞር ብሎም አያየው። የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማኑዌል ኬሶንም የተወለዱት እዚሁ ባሌር፣ በ1878 ነው።

ከተማዋን ግን ከጦርነቱ በላይ የጎዳት ባሕሩ ነው። በዲሴምበር 1735 ግዙፍ ማዕበል በአንድ ሌሊት ድሮ የነበረችውን ባሌር ጠራርጎ ወሰዳት። ከሞት ያመለጡት ጥቂት ቤተሰቦች ኤርሚታ የሚባለው ኮረብታ ላይ የወጡት ናቸው። እዚያ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል፦ ሰዎች እርስ በርስ እየተጓተቱ ሽቅብ ሲወጡ ያሳያል። ከአናቱ ላይ ሆኖ ባሕረ ሰላጤውን ሲያዩት ውኃው እንዲህ የዋህ መስሎ ሌላ ታሪክ ያለው አይመስልም።

ዛሬ ባሌር የምትበላው ከዚያው ማዕበል ነው። በ1970ዎቹ ስለ ቬትናም ጦርነት የሚተርክ ፊልም ሊቀርጹ የመጡ አሜሪካውያን የማዕበል መጋለቢያ (ሰርፊንግ) ጣውላዎቻቸውን ትተው ሄዱ፣ የአካባቢው ልጆችም በዚያ ተማሩ ይባላል። ሳባንግ የባሕር ዳርቻ ነጭ አሸዋ የለውም፤ ግራጫ ነው፣ ለፎቶ አይመችም። ለጀማሪ ግን የተመቸ ነው። አሰልጣኙ ጣውላውን ከኋላ ይገፋና «ተነስ!» ብሎ ይጮኻል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ ደርሼ ጨዋማ ውኃ ጠጣሁ። አጠገቤ የአሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ቆማ እየሳቀች አለፈችኝ።

ለምሳ ፓኮ የሚሉትን የፈርን ቅጠል ሰላጣ ሞክሩ፤ ሩዙ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ስለሆነ እንጀራ የለመደ ሆድ ቶሎ ይሰለቻል። ሳቡታን ከሚባል ቅጠል የሚሠሩት ባርኔጣዎች ግን ሳይገዙ የሚታለፉ አይደሉም። ማዕበሉን ፈልጋችሁ ከሆነ ከኦክቶበር እስከ ማርች ሂዱ፤ ከዚያ ውጭ ባሕሩ ይለሰልሳል፣ ጣውላ አከራዮቹም ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ።