ቅሉን በኦሞ አጠብነው

ሙዝየም ልንከፍት ተነሥተን መጀመሪያ ያስገባነው ዕቃ የደንገል ታንኳ ነበር። መጀመሪያ አውጥተን የጣልነውም እሱኑ ነው።

ነገሩ ከተጀመረ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ባዶዋን ተቀምጣ ነበር። እኔና ሦስት አብሮ አደጎቼ «የከተማችንን ታሪክ ለምን አንሰበስብም?» ተባባልን። ማኅበር ነን አልን። ማኅተም የለን፣ ደብዳቤ የለን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን፣ በቃ።

እዚህ አገር ታሪክ ሲባል ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጣና ሐይቅ ገዳማት ነው የሚወረውረው። እውነቱን ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት አለ፣ ክብራን ገብርኤል አለ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ዘውዱም ብራናውም ገዳማቱ ዘንድ ጠባቂ አለው። እኛን የቆጨን ጠባቂ የሌለው ነገር ነው። የእናቶቻችን ጓዳ፣ የቅዳሜ ገበያ ሚዛን፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ መታወቂያ።

ወደ ታንኳዋ ልመለስ። ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ገዝተን በጋሪ አመጣናት። ግድግዳው ላይ ሰቀልናት። አቤት ስታምር! በበጋው ደንገሉ እንደ ገለባ መርገፍ ጀመረ። ክረምት ሲገባ ሻገተች። በመጨረሻ አይጥ ወለደባት። ግራ ሲገባን ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድን። «አያ፣ እንዳትበሰብስ የሚያደርግ መድኃኒት ይኖራል?» አልናቸው። ሳቁብን።

«ታንኳ እኮ ልጄ የወራት ዕድሜ ነው ያላት። ውኃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፣ ትጣላለች። ከዚያ ሌላ ይሠራል። ታንኳ የሚያስቀምጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

ከዚያ ቁጭ አሉና ሠሩልን። ደንገሉ ቀድሞ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ጠውልጎ ነበር። እፍኝ እፍኝ እያሉ ያስሩታል፣ በተረከዛቸው ረግጠው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይስቡታል፣ እንደገና ይጨምራሉ። አፍንጫዋን ወደ ላይ ሲቀለብሱ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ሁሉንም በስልክ ቀረጽነው። አሁን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አሮጌው ማጭዳቸውና ክንድ የምታህል ገመድ ናት። ታንኳዋን ማየት የፈለገ ቪዲዮውን ያያል፤ ያልበቃው ደግሞ ሐይቁ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ጥፋታችን መዝገብ ሳንይዝ መሰብሰባችን ነው። ዕቃው ሲበዛ ይሄ ኩራዝ የማን ነበር፣ ያ ሙዳይ ከየት መጣ፣ እርስ በርስ መጨቃጨቅ ሆነ። ደብተር ገዝተን «ዕቃው»፣ «መቼ ተሠራ»፣ «ማን ሰጠ» ብለን አሰመርን። አንዲት ማርትሬዛ ብር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባት፣ ነበረችን። ጓደኛዬ ላይዋ ላይ ያለውን አይቶ «የ1780 ብር» ብሎ ጻፈ። ሊጎበኝ የመጣ አስተማሪ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እየያዘ ሲታተም ኖሯል። ቁጥሩን አንብቦ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። የሰጠችንን ሴትዮ መልሰን ጠየቅናት። ለካ እናቷ አንገታቸው ላይ ያስሩት ነበር፤ ጠርዙ ላይ የተበየደችውን ማንጠልጠያ ከዚያ በፊት ልብ ያላት የለም። «መቼ ተሠራ» የሚለውን ሰርዘን «ማን ያዘው፣ ምን አደረገበት» አልን። ደብተሩ ያን ቀን ነፍስ ዘራ።

በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ የሆኑ አንዲት እናት ባዶ ቦቢን፣ የክር መጠቅለያ፣ ይዘው መጡ። በደብተሩ የድሮ አሠራር ቢሆን «ቦቢን፣ አንድ» ተብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ሁለት ገጽ ሞላ። ማሽኑ ስለሚጮህ በከንፈር ብቻ ነበር የምናወራው ብለው፣ ከጓደኛቸው ጋር እንዴት እንደሚተማሙ ያለ ድምፅ አሳዩን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ፎቶ ላይ ደግሞ አፋችን ነው የጎዳን። «ስጡን» ስንል በር ይዘጋብናል። ማን የሠርግ ፎቶውን ለማያውቀው ሰው ይሰጣል? በኋላ «ቤትዎ መጥተን በስልክ እናንሣውና እዚያው እንተወው» ማለት ጀመርን። ቡና እየተፈላልን አልበም ይገለበጥልን ጀመር። መብራት አያስፈልግም፣ መስኮት አጠገብ ጥሩ ነው። ጀርባውን ማንሣትም እንዳይረሳ፤ ስሙም ቀኑም ያለው እዚያ ነው።

እስካሁን የምንቸገረው የድሮው የዓባይ ድልድይ ፎቶ ነው። እዚያ ካሜራ ማውጣት ክልክል ስለነበር ማን ያንሣ? አዲሱ፣ 380 ሜትሩ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማው በሙሉ ሰልፊ ሲነሣ ዋለ። ከአሮጌው ያለን አንድ ብቻ ነው። ከመኪና መስኮት ተሰርቆ የተነሣ፣ ግማሹ የአንሺው አውራ ጣት።

አንድ ቀን አንድ ሰው የብራና ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። «ስንት ትገዙኛላችሁ?» ልባችን ደንግጧል፣ አማረንም ጭምር። ግን የቅርስ አዋጁ፣ 209/1992፣ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ደግሞስ ከየት ነው የመጣው? ካመጣበት ቤተ ክርስቲያን እንዲመልስ ነግረን ሸኘነው። መለሰው አልመለሰው፣ እሱን ማወቂያ የለንም። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አንቀበልም፣ ምንም ነገር አንገዛም። አንዴ ይገዛሉ ከተባለ የጎረቤት ጓዳ ሁሉ ስጋት ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ቅሉ። እማማ፣ ጎረቤታችን ናቸው፣ የእናታቸውን የወተት ቅል ሰጡን። ተራ ቁጥር 14። ውጭው ጠቁሮ፣ ውስጡ ጢስ ጢስ ይላል። እኛ ንጹሕ ሰዎች ነና፣ በኦሞ ፈትገን አጠብነው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። አበራ።

እማማ ሊያዩት መጡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ክዳኑን ከፈቱና አፍንጫቸውን አስገቡ። ቀና አሉ። እንደገና አስገቡ።

«ምን አደረጋችሁት?»

«አ... አጠብነው።»

ዝም አሉ። የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል፤ ወተቱ እንዲጣፍጥ፣ ቶሎም እንዳይበላሽ። ያ ሽታ እናታቸው ያጠኑት ነበር። እኛ ቆሻሻ መስሎን ነው።

ቅሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። አለቀልን አልን። በሁለተኛው ሳምንት ይዘውት ተመለሱ። ክዳኑን ስንከፍተው ወይራ ወይራ ይላል።

«አጥኜዋለሁ» አሉ። «ግን ጢሱ የእኔ ነው፣ የእናቴ አይደለም። እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፉት።»

ጻፍነው።