ገንዘቡ ቀድሞ ይድረሳቸው

ወጣት ተመራማሪዎች ውጭ አገር ወዳለ ሳይንሳዊ ጉባኤ የሚሄዱበትን ወጪ ለምትሸፍኑ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፦ ገንዘቡን ቀድማችሁ ስጡ። «ከኪስሽ ከፍለሽ ነይ፣ ደረሰኝ ስታመጪ እንተካልሻለን» የሚባለው ድጋፍ አዲስ አበባ ላለች የዶክትሬት ተማሪ ምኗም አይደለም። ትኬቱ፣ ቪዛው፣ መመዝገቢያው ሁሉ በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ደመወዟ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች? አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ጥናቷ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ፖስተሯን አሳትማ፣ በዚሁ ምክንያት ቀረች። እስካሁን ይቆጨኛል።

የእኛ ሙያ፣ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ማስላት፣ ቤት ተቀምጦም ይጀመራል። የማስሊያ ፕሮግራሞቹ፣ ግሮማክስም፣ ላምፕስም፣ ኳንተም ኤስፕሬሶም፣ በነፃ ይወርዳሉ። ከኢንተርኔት የማይወርደው ፖስተርሽ ፊት ቆሞ የሚያፋጥጥሽ ሰው ነው። «ታይም ስቴፕሽ ስንት ነው? 2 ፌምቶሰከንድ? ሃይድሮጅን ያለባቸውን ቦንዶችስ ርዝመታቸውን አስረሻል?» ታይም ስቴፕ ስሌቱ በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ጊዜ ነው፤ ፌምቶሰከንድ ደግሞ እጅግ ትንሽ የሰከንድ ቅንጣት። ቦንዶቹ፣ ማለትም አተሞችን የሚያያይዙት ትስስሮች፣ ርዝመታቸው እንዳይለዋወጥ ካልታሰሩ ንዝረታቸው በጣም ፈጣን ስለሆነ በዚህ እርምጃ ስሌቱ ይዛባል። እንዲህ ያለች አጭር ወሬ የወራት ልፋት ታድናለች።

ጉባኤውን ወደ ልጆቹ ማምጣትም ይቻላል። አሴስማ የሚባለው የአፍሪካ የኤሌክትሮኒክ መዋቅር ስሌት (ኤሌክትሮኖች በቁስ ውስጥ ያላቸውን ሁኔታ በኮምፒውተር የማስላት) ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 ኬፕታውን ተካሂዶ፣ በ2018 አዲስ አበባ መጥቷል። ያኔ ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር ለሚመጣ ልጅ የመኪናና የአልጋ ብር ይበቃዋል። ቪዛ የለ፣ የውጭ ምንዛሪ የለ።

እኔ ለሚቀጥለው ዙር የአንድ ተማሪ ወጪ በእጄ ይዣለሁ። ሌላ ልጅ የሚጨምርልኝ ካለ ይጻፍልኝ።