ሐረጎን በአዲስ ፍሬን

የአክስቴ ልጅ ነሐሴ ላይ ደውሎ «ሐረጎ ላይ የሳይክሌ ፍሬን አልያዘም» ሲለኝ ሌላ ወሬ አላስፈለገም።

ሐረጎን ለማያውቅ ልንገር። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ ከፍታ በጥምዝምዝ ወደ ታች የሚያወርደው ሐረጎ ነው። በአንድ ጎን ግድግዳ፣ በሌላው ጎን ገደል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለው መኪና የሚታየው በመብራቱ ብቻ ነው።

ልጁ ደሴ ሆጤ ይኖራል። ሥራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሳይክል ይወርዳል፣ ማታ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ይመለሳል። የነበረው ፍሬን ቸርኬውን በጎማ የሚቆነጥጠው ዓይነት ነው። ያ ፍሬን በደረቅ መንገድ ጥሩ ነው። ቸርኬው ሲረጥብ ግን የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። ሜዳ ላይ ይህች ትንሽ መዘግየት ምንም አይደለችም። ሐረጎ ላይ ግን ብዙ ናት። ያን ቀን ልጁ ወደ ግድግዳው በኩል አዙሮ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው የተረፈው። ክንዱ ተልጧል። በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ።

ፍሬኑን በዲስክ ፍሬን ልለውጥለት ወሰንኩ። ይህኛው የሚቆነጥጠው ቸርኬውን ሳይሆን እምብርቱ ላይ የታሰረ ክብ ብረት፣ ዲስኩን ነው። ጠዋት ላይ የሳይክሉን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። የፈለግሁት ሦስት ነገር ነበር። የፊተኛው ሹካና የኋላው አካል ላይ ካሊፐር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆነጥጠው መያዣ፣ የሚታሰርባቸው ሁለት ሁለት ቀዳዳዎች አሉ ወይ? የጎማው እምብርት ላይ ዲስክ የሚቀበሉ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ ወይ? የፍሬን እጀታውስ ምን ዓይነት ነው? ቀዳዳዎቹ ሁሉም ነበሩ። ብዙ ሳይክሎች ዲስክ ሳይገጠምላቸው ቦታው ተዘጋጅቶላቸው ይመጣሉ። ይህን ሳያጣሩ ዕቃ መግዛት ብር መጣል ነው። የእጀታው ጉዳይም ቀላል አይደለም። ካቦውን ረዘም አድርጎ የሚስብ እጀታ አለ፣ አጭር የሚስብም አለ። ካሊፐሩ ከእጀታው ጋር ካልተስማማ ፍሬኑ ወይ ይደነድናል ወይ እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ይሰምጣል። የእሱ እጀታ ረዥም የሚስበው ነው። መርካቶ ሄጄ ለዚያ የሚሆን በካቦ የሚሠራ ካሊፐር፣ ሁለት ባለ 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ ካቦና የካቦ ሽፋን ገዛሁ።

በዘይት የሚሠራው ለምን አልገዛህም የሚል ይኖራል። የዘይቱ ፍሬን ኃይሉ የተሻለ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አየር ሲገባበት ማስወጫ መሣሪያና የራሱ ዘይት ይፈልጋል። የካቦው ግን መንገድ ላይ በአንድ ብሩጎላ ቁልፍ ይስተካከላል። ካቦ ቢበጠስ ደሴም ኮምቦልቻም ይገኛል። ለዚህ ልጅ የሚሆነው ይኸኛው ነው ብዬ ወሰንኩ፤ አሁንም አልቆጨኝም።

መስከረም ሲገባ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነበር። ጣርማበርን በዋሻው አልፈን ደብረ ሲና ወረድን። ሸዋ ሮቢት ጃኬት አስወለቀን። ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ስንደርስ መስኮቱን ሁሉም ከፍቶት ነበር። ከዚያ ሐረጎ ጀመረ። ሌላ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። በዚህ ጉዞ ግን እያንዳንዱን መታጠፊያ በሳይክል ልወርደው እያሰብኩ አየሁት። ከላይ የሚወርዱት አይሱዙዎች በከባድ ማርሽ እያጉረመረሙ ነው የሚመጡት። ጥሩ ሾፌር ሐረጎን በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወርድም። ሳይክል ግን ማርሹ አይዝለትም። ያለው ፍሬኑ ብቻ ነው።

አክስቴ ቡናውን አቅርባ ጠበቀችኝ። የልጁን ክንድ አሳየችኝ። ቁስሉ ጠጓል። «አብሽር፣ አሏህ አተረፈው» አለችኝ። እኔን ልታጽናና ነው እንጂ የራሷ ዓይን እንባ አቅርሯል። አቦሉን ሳልጨርስ ዕቃውን ግቢው ውስጥ አወጣሁት።

ሰፈሩ ውስጥ ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ልጁ ጠራቸው። መሣሪያቸውን በጆንያ ይዘው መጡ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኪያቤ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ እያሉ አንድ በአንድ ደረደሩት። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የአዲስ አበባና የአስመራን መንገድ በዚህ በኩል የሠራውም ጣሊያን ነው፤ መንገዱና የመካኒኩ ቋንቋ አብረው የቀሩ ይመስለኛል።

በዲስኩ ጀመርን። ዲስክ ላይ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ዲስኩን በጠርዙና በመሃሉ ብቻ ነው የሚይዙት፤ ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ሸራ የሚነካውን ፊቱን ጣት ሊነካው አይገባም። የእጅ ቅባት እንኳ ሸራው ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ያደክመዋል፣ ያስጮኸዋልም። ስድስቱን ቡሎኖች በኮከብ ቁልፍ መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርገን አስገባን። ከዚያ አንዱን፣ ቀጥሎ ትይዩውን፣ እንደገና ሌላውን እያልን በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅን። በአንድ ጎን ከጀመሩ ዲስኩ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል።

አዛውንቱ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ አንስተው ዲስኩን ሊወለውሉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋዙ ቅባት ይተዋል» አልኳቸው። «እንግዲያው በምን?» አሉ። ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል አሳየኋቸው። እንደ ውሃ የሚፈሰው ነው፤ ለእጅ የሚሆነው ዝልግልጉ አልኮል ለዚህ አይሆንም። አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁና ንጹሕ ጨርቅ ከጆንያቸው አወጡ።

የካቦው ሽፋን ላይ ደግሞ እኔ ከእሳቸው ተማርኩ። ሽፋኑን መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሙሉ ለሙሉ ዞሮ እስከማይወጠር ድረስ ለክተው ቆረጡት። ቀጥለው ጫፉን በሞረድ አስተካክለው እንደ ሳንቲም ፊት ጠፍጣፋ አደረጉት። የውስጡን ቀዳዳ በሚስማር ከፈቱት። እኔ ሁሌም ቆርጬ ብቻ ነበር የማስገባው። «ጫፉ የተንጋደደ እንደሆነ ካቦው በተሳበ ቁጥር እየተጨፈለቀ ይቀመጣል። አንተ ካቦው ረዘመ ትላለህ፤ ሽፋኑ ነው ያጠረው» አሉኝ። ይህን በዚህ አገላለጽ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። የማርሽ ካቦ ሽፋንን ለፍሬን መጠቀም እንደማይገባም እኔ ጨመርኩ። የማርሹ ሽፋን ሽቦዎቹ በቁመቱ ስለሆነ የተሰደሩት፣ በጠንካራ ፍሬን ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በካቦ የሚሠሩ አብዛኞቹ ካሊፐሮች ውስጥ ካሉት ሁለት ሸራዎች የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። የውጭው ሸራ በካቦው ኃይል ዲስኩን ይገፋዋል። ዲስኩ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ከውስጠኛው፣ ከማይንቀሳቀሰው ሸራ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ቋሚው ሸራ ለዲስኩ እጅግ ቅርብ መሆን አለበት። ከራቀ ዲስኩ ብዙ ይጎብጣል፣ የእጅህ ኃይልም ዲስክ በማጉበጥ ያልቃል። ቋሚውን ሸራ የሚያስጠጋው ከጎማው ራጂ (ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች) በኩል ያለው ዙር ብሎን ነው። ብዙ ሰው ይህ ብሎን መኖሩን አያውቅም።

ካሊፐሩን የሚይዙትን ሁለት ቡሎኖች አላላን። ልጁ የፍሬኑን እጀታ ጨብጦ ያዘ። ሸራዎቹ ዲስኩን ሲነክሱ ካሊፐሩ ራሱ ቦታውን ፈለገ። እዚያው እንዳለ ቡሎኖቹን እያፈራረቅን አጠበቅን። ከዚያ እጀታውን ለቆ ጎማውን አዞርነው። ከካሊፐሩ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዝኩ። በወረቀቱ ላይ ክፍተቱ በግልጽ ይታያል። ልጁ የተጠቀመበትን የሞባይል ካርድ በቋሚው ሸራና በዲስኩ መካከል አስገባን። ካርዱ እየጠበቀ ካለፈ ይበቃል።

ፍሬኑ ያን ቀን ማታ ገና አልነቃም ነበር። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ ይንሸራተታሉ። ሆጤ ላይ ቀለል ያለ ቁልቁለት መርጠን ሃያ ጊዜ ያህል ከመካከለኛ ፍጥነት እስከ እግረኛ ፍጥነት አቀዘቀዝነው። ጎማው እንዲቆለፍ አላደረግንም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ጊዜያት ልጁ ተስፋ ቆርጦ አየኝ። ወደ አሥራ አምስተኛው ላይ ፊቱ ተለወጠ።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ወረድን። እኔ ሳይክል ተከራየሁ። ፒያሳን ስናልፍ ጦሳ ገና ደመናውን አልገፈፈም። ከከተማው ስንወጣ አደይ አበባው መንገዱን በግራና በቀኝ ይዞት ነበር። ልጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አስቀድሜ የነገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ፍሬኑን እንደያዝክ አትውረድ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቀው። ሰውና ሳይክል 80 ኪሎ ቢሆኑ በ600 ሜትር ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ሁሉ ዲስኩና ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው። ለቀቅ ሲያደርጉት ዲስኩ ይተነፍሳል።

ግማሽ መንገድ ላይ ልጁ እጁን አነሳ። ሰፋ ያለ ጠርዝ ፈልገን ቆምን። እጀታው ከጠዋቱ ይልቅ ወደ መሪው ቀርቧል። ደነገጠ። እኔ ግን እጠብቀው ነበር። አዲስ የካቦ ሽፋን ሲጫን በየመጋጠሚያው ይቀመጣል፣ አዲስ ሸራም መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይላጫል። ዲስኩን እንዳይነካ ነገርኩት፤ ሥጋ ያቃጥላል። እስኪበርድ ተቀመጥን። አንድ ከብት የሚነዱ አባት ሰላምታ ሰጥተውን ሳይክሉን ዞረው አዩት። «በደህና ግቡ» ብለው መርቀውን ሄዱ።

ልጁ እጁ ወዲያው የሄደው እጀታው ሥር ወዳለችው የካቦ ማስተካከያ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አስቆምኩት። ሸራ ስላለቀ ካቦ ብቻ እየሳቡ ከሄዱ፣ የካሊፐሩ ክንድ ገና ሳይጨበጥ ግማሽ መንገዱን ይጨርሳል። የውጭው ሸራ ብቻ እየሄደ ዲስኩን ወደ ሩቁ ሸራ ያጎብጠዋል። አንድ ቀን ክንዱ መጨረሻው ላይ ይደርስና ከዚያ ወዲያ አይገፋም። እጀታው የጠነከረ ይመስላል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። ሐረጎ ላይ የምፈራው ይህን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቋሚውን ሸራ በብሎኑ አስጠጋ። ከዚያ የቀረችውን ላላነት ብቻ በካቦ ማስተካከያዋ ውሰድ። ልጁ ብሩጎላውን አስገብቶ ጥቂት አዞረ። ጎማውን አሽከረከረ፣ ሽ… የሚል ድምፅ ሰማ፣ ጥቂት መለሰው። ድምፁ ጠፋ። እጀታውን ጨበጠ። ጠዋት የነበረበት ቦታ ያዘ።

ከመነሳታችን በፊት የፊት ጎማውን ማሰሪያ ፈተሽን። በዲስክ ፍሬን ጊዜ ኃይሉ የፊቱን ጎማ ከሹካው ወደ ታች ሊያስወጣው ይሞክራል። ማሰሪያው የላላ ከሆነ አደጋ ነው። ይህን በየጠዋቱ እንዲያየው አስማልኩት።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበለን። ጃኬታችንን አውልቀን ቦርከና ወንዝ አጠገብ ቁርስ በላን። ባጃጆቹ ግራና ቀኝ ይሯሯጣሉ። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ልጁ ሥራው ቦታ ድረስ ፍሬኑን የነካው ሁለቴ ነው።

ማታ ሚኒባሱ ላይ ሲጫን ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ሳይክሉ በዲስኩ በኩል ተኝቶ፣ ላዩ ላይ ከረጢት ተጭኖበት ነበር። ደሴ ስንደርስ ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይነካል። አዛውንቱ ጋ ሄድን። ወረቀት ጠቅልለው በኪያቤ የጎበጠውን ቦታ ይዘው በጣም በቀስታ መለሱት። አንድ ጊዜ በኃይል ሳይሆን ብዙ ጊዜ በጥቂቱ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዲስኩን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚያስጭነው፣ ከረጢትም አያስደርብበትም።

ኅዳር ላይ ደውሎ ሸራው የቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር እንደማይበልጥ ነገረኝ። በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረትም አንብቦልኛል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ይላል። ዲስኩ ገና ነው። ከአዲስ አበባ በሚነሳ አውቶቡስ ሁለት ጥንድ ሸራ ላኩለት።